ከነአጀቡ የገባው ፍግ

ፍግ በፒካፕ ጭናችሁ ዳገት ወጥታችሁ የማታውቁ ሰዎች፣ የአገራችሁን ሰው ደግነት ልኩን አታውቁትም። እኔም አላውቀውም ነበር። አሁን ግን ከሚገባኝ በላይ አውቄዋለሁ፤ ትንሽ ቢቀነስልኝ ራሱ አልከፋም።

መጀመሪያ ስለ ማዕዘኗ ልንገራችሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ቦታ ስላችሁ ሜዳ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ላም ብትተኛባት ጭራዋ አስፋልት ላይ የሚቀር ቁራሽ መሬት ናት። ለዓመታት ስባሪ ብሎኬት፣ የተቀደደ ጎማና ባለቤቱ ያልታወቀ የአንድ እግር ጫማ ይኖሩባታል። እኔ ደግሞ በጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን አበባና ችግኝ እያፈላሁ ደጃፌ ላይ ስሸጥ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣሳው ደረጃውን ሞላው፤ ከደረጃው ተርፎ ግቢውን ሞላው፤ ባሌ ደምሴ ቤቱ ለመግባት እንደ ፍየል መዝለል ከጀመረ ቆየ። አንድ ቀን “ወይ እኔን ወይ ጽጌረዳውን ምረጪ” ቢለኝ፣ ለማሰብ ጊዜ ስለጠየቅሁት ተቀይሞኛል።

ስለዚህ ቀበሌው “ባዶ ቦታዎችን ለሚያለማ ነዋሪ እንሰጣለን” ብሎ ሲለጥፍ፣ የማስታወቂያው ሙጫ ሳይደርቅ አመለከትኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያመለከተው ጎረቤታችን ጀማል ነው፤ መኪና አጣቢው። ዕጣ ወጣና ቅድሚያው ለእኔ ደረሰ። ግን ከነግዴታው ነው። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ሰማያዊ ፋይል እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ የምትሄድ ሴት ናት። “እስከ አርብ ዘጠኝ ሰዓት አፈር ሞልተሽ፣ ተክለሽበት ካላሳየሽ ቦታው ለሁለተኛው አመልካች ያልፋል። ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው” አለችኝ። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው። ፊቷን ሳየው ግን ዘጠኝ ነበር።

ጀማል ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! የሦስት ልጆች አባት ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ያጥባል፤ “ተነሳ!” በተባለ ቁጥር ባልዲውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ደሴ ውስጥ ግማሿ የሚያብለጨልጭ፣ ግማሿ ጭቃ የሆነች መኪና ካያችሁ የጀማል ሥራ ናት፤ መሃል ላይ አባረውት ነው። ያን ሳምንት በየጠዋቱ በደጄ ሲያልፍ ቆም ይልና፣

“አፈሩ አልመጣም?” ይለኛል።

“ይመጣል።”

“አብሽሪ። ባይመጣም እኔ አለሁ።”

ከልቡ እኮ ነው። የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ማዕዘኗ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ናት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ አረም እንኳ ተሳስቶ በቅሎባት አላየሁም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ዳር ከብት የሚያደልብ አንድ ሰው ዘንድ ሦስት ዓመት የተኛ፣ በደንብ የበሰለ ፍግ እንዳለ ስሰማ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ። ስደውልለት “አንስተሽ ከወሰድሽልኝ እመርቅሻለሁ” አለኝ።

ኮምቦልቻ እናቴም አለች። ይኼን የምነግራችሁ በኋላ ስለምትመጣ ነው። ባለፈው መስቀል ባሌ የእናቴን ወጥ ቀመሰና “ጨዉ ትንሽ...” አለ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ እናቴም እንዲጨርሰው ዕድል አልሰጠችውም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እኔ በመሃላቸው እንደ ስልክ እንጨት ቆሜ ሰላምታ አስተላልፋለሁ፤ ባይልኩም አስተላልፋለሁ።

አርብ ጠዋት ደምሴን ሰርዶ ከነሥሩ ነቅሎ እንዲያመጣልኝ ኩታበር ላክሁትና እኔ ከሰይድ ጋር ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰይድ ባለ ፒካፕ ነው። ፒካፗ በዕድሜ ትበልጠው ይሆናል፤ ብቻ ይከባበራሉ። ሲያስነሳት “ቢስሚላህ” ይላታል፣ ሲያጠፋት “አመሰግናለሁ” ይላታል። እኔን “እታለም” ነው የሚለኝ።

ማደለቢያው ጋ ስንደርስ ሁለት ጎረምሶች በአካፋ መጫን ጀመሩ። ወገኖቼ፣ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ ፍግ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ በእጅ ሲጨብጡት እንደ በሶ የሚይዝ! ዓይኔ አልጠግብ አለ።

“ይበቃል” አለ ሰይድ።

“ትንሽ ጨምሩበት።”

“እታለም፣ ይኼ ፒካፕ ነው፣ መርከብ አይደለም።”

“አንድ አካፋ ብቻ!”

“አንድ አካፋ ብለሽ ዐሥራ አራት ሆነ። እየቆጠርኩ ነው።”

ከመኪናዋ በታች አንድ ነገር “ጭጭጭ” ብሎ ተነፈሰ። ሰይድ ተንበርክኮ ባሌስትራዋን አየና ሹክ ብሎ “አብሽሪ፣ አብሽሪ” አላት። ጭነቱ ከጎን እንዳይፈስ ጎረምሶቹ መሃል ለመሃል ረዘም አድርገው ከመሩት። ባለቤቱ ቃሉን ጠብቆ መረቀኝና፣ በላዩ ላይ ቀይ አበባ ያወጣች አንዲት ጽጌረዳ ከነጣሳዋ ጨመረልኝ። እሷን ከፊት በኩል፣ ክምሩ አናት ላይ ሰካኋት።

ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊኩ አስቆመን። ጨዋ ሰው ነው፤ “እናት፣ ይኼ ይሸፈን። ነፋሱ እያነሳ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋዋል” አለኝ። እውነቱን ነው። ሸራ የለንም። እኔ ግን እግረ መንገዴን ለቤት ሁለት ትልልቅ ነጭ አንሶላ ገዝቼ ነበር። ልቤ እየደማ ዘረጋኋቸው። ገመዱ አንድ ብቻ ስለነበር ከኋላ በኩል ነፋሱ አንሶላውን እያነሳ አስቸገረ።

“እኔ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እይዘዋለሁ” አልኩ።

“ትወድቂያለሽ እታለም።”

“በስንት ኪሎ ሜትር ነው የምንሄደው? ሰው ቆሞ አይወድቅም።”

ሰይድ ሕጉን ነገረኝ፤ “ልቁም ካልሽ ጣሪያውን አንዴ ምቺ። ልሂድ ካልሽ ሁለቴ።” ተስማማን። እኔም አቧራውን ፈርቼ ፀጉሬን በጥቁር ሻሽ ጠፍንጌ አስሬ፣ ጥቁር ሹራቤን ደርቤ ወጣሁ። ጥቁር የለበስኩት ቆሻሻ ስለማያሳይ ነው፤ ለፍግ የሚሆን ሌላ ምን ልብስ አለ?

እናንተ አሁን ሥዕሉን ከዳር ሆናችሁ እያያችሁት ነው። ነጭ አንሶላ፣ ረዘም ያለ ክምር፣ ቀይ አበባ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት አንገቷን ደፍታ። እኔ ግን ሥዕሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ሥዕል ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሥዕሉን አያየውም። ደግሞም ማየት አልቻልኩም። ፍግ የኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያገኘው በአንሶላው ሥር እንደ ድስት መተንፈስ ጀመረ። ያ ትንፋሽ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሽንኩርት ምንም አይደለም። እንባዬ ወረደ አልላችሁም፤ ጎረፈ።

ዳገቱ ጀመረ። ፒካፗ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆና አቃሰተች። ሰይድ ሰው ከኋላ እንዳይገጨን ብሎ አራቱንም ፍሬቻ አበራ። አንድ አህያ ቀደመን።

መጀመሪያ ያየሁት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ነበር። ስንደርስ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። እኔም ተቀምጬ ጎንበስ አልኩላቸው። የዚህ መንገድ ሰው እንዴት ጨዋ ነው እያልኩ ትንሽ እንደሄድን፣ ሱቅ በር ላይ ዳማ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች በሙሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ባጃጅ ነጂ ዘፈኑን ዘጋ። ሁለት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። የማዕዘኗ ወሬ ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ይሆናል አልኩ። እንዲህ ሰርታ የምትኖር ሴት ብትከበር ምን ይገርማል ብዬ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ በግራም በቀኝም ራሴን እየነቀነቅሁ እንደ ባለሥልጣን ማለፍ ጀመርኩ።

ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ደረሰ። መንገዱ ክፍት ነው፤ ሊቀድመን ይችላል። አልቀደመንም። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ተከተለ። ከኋላው ሌላ መጣ። ከዚያ የቤት መኪና፣ ከዚያ ሲሚንቶ የጫነ መኪና፣ ከዚያ አውቶቡስ። በጠመዝማዛው ላይ ዞር ብዬ ስቆጥር ዐሥራ ሰባት መኪና ፍሬቻውን እያብለጨለጨ ተሰልፏል። በእጄ “እለፉ! እለፉ እንጂ!” አልኳቸው። የመጀመሪያው ሹፌር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ “አይዞሽ እህቴ! እስከመጨረሻው አብረንሽ ነን!” ብላ ጮኸች።

ዳገቱን ማለቷ መሰለኝ።

ሰይድ በመስታወት ያን ሁሉ መኪና ሲያይ ምን እንዳሰበ በኋላ ነግሮኛል። “መንገድ ስለዘጋሁባቸው ሊደበድቡኝ ነው” ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ መንደር ላይ የራዲያተሩ ውሃ ፈልቶ ሲያስቆመው፣ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ውስጥ ቀበረ። እኔን ብቻዬን ተወኝ።

ሕዝቡ ከበበኝ።

እማማ ፋጤን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ናቸው። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!” እያሉ መጡ። ሁለት ሰዎች ብብታቸውን ይዘው ወደ ላይ ሲያነሷቸው ዓይኔ እያየ ፍጌ ላይ ወጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። አቀፉኝ።

“አልቅሺ ልጄ። አታፍኚው።”

ያኔ ገባኝ። አንሶላውን አየሁት። አበባዋን አየኋት። ራሴን አየሁት። ወይ መድኃኔ ዓለም!

“እማማ፣ ሰው የለም እኮ!” አልኩ።

“አዎን ልጄ፣ ሰው የለም። ሰው አላፊ ነው።”

“ፍግ ነው! የከብት ፍግ! አፈር ነው ያለው!”

“ሁላችንም አፈር ነን የኔ እናት።”

አንዱ ከታች ሆኖ ለጓደኛው “ሀዘኑ አናወዛት” ሲል ሰማሁ። በነገር እንደማላሳምናቸው ሲገባኝ በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ የአንሶላውን ጫፍ ያዝኩ። እማማ ፋጤ እጄን ለቀም አድርገው ጮኹ፤ “ያዟት! ልትገልጠው ነው! እንዳታይ ያዟት!” ስድስት ሰው ያዘኝ። አንዱ ከአህያው ላይ ገመድ ፈትቶ አንሶላዬን ዳር እስከ ዳር ተበተበው። ሌላው የራሱን ጋቢ አውጥቶ ደረበበት። ምስጋና ይግባቸውና፣ ለትራፊክ ሕግ ሲባል እንደዚያ ተሸፍኖ የሄደ ጭነት በኢትዮጵያ ታሪክ አልነበረም።

ሽታውስ አትሉም? አንድም ሰው አልተነፈሰም! ሁሉም ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጠርጋል። አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ “ከሩቅ ቆላ ነው መሰለኝ የመጣው” ሲል፣ ሚስቱ በክርኗ ደቆሰችው።

አንድ ሰውዬ ደግሞ ወደ ሰይድ ሄዶ በሀዘን ድምፅ “ወንድሜ፣ ከየት ነው የምታመጡት?” ብሎ ጠየቀው። ሰይድ ከኮፈኑ ውስጥ ሆኖ፣ የፈራ ሰው እንደሚመልሰው በአጭሩ “ከከብት ማደለቢያ” አለ። ይኸው ነው ያለው። እኔ መስክሬለታለሁ። ራዲያተሩ ሳይበርድ ግን ታሪኩ አልቆ ነበር፤ ቀይ በሬ ነው፣ ገና የተገዛ ነው፣ ባለቤቱን ነው የወጋው። አንዱ በራሱ ሆድ ላይ እያሳየ “በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ” ይላል። እማማ ፋጤ ይኼን ሲሰሙ “ወይ በሬ!” ብለው ፍጌን በመዳፋቸው መቱት። እንፋሎት ቡፍ አለ። ሁለታችንም አለቀስን።

ሰይድ ኮፈኑን ዘግቶ ዘሎ ገባና ተፈተለከ፤ መፈትለክ ከተባለ። እኔ የጋቢናውን ጣሪያ መታሁት። እንዲቆም፣ ከፊት መጥቶ “ፍግ ነው” እንዲልልኝ። ግን ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው አንዴ ብቻ መትቶ ያቆማል እንዴ? ዷ ዷ ዷ ዷ አደረግሁት። ሁለቴ “ሂድ” ከሆነ፣ ሰይድ ሃያ ጊዜ ሰማ። ያን ዳገት ሞተሯ እስክትጮህ ነዳው። እማማ ፋጤ “ደረቷን መምታት ትታ መኪናውን መታች፣ ምስኪን” አሉ።

ደሴ የገባነው ስምንት ተኩል ላይ ነው። ከኋላችን ስንት መኪና እንደነበር መቁጠር ትቻለሁ። ስልክ የሚባል ነገር ደግሞ ከፒካፕ ይፈጥናል። ወሬው ቀድሞን ገብቶ፣ የሰፈራችን ቅሬ ወጥቷል። ቅሬ እንግዲህ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ የሚያስተዛዝን። የእኛ ቅሬ አባት አባ ይማም ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እሳቸው “ተነስ” ካሉ ይነሳል፣ “ተቀመጥ” ካሉ ይቀመጣል። የእኛ ግቢ በጣሳ ስለተሞላ ድንኳን አያስተክልም። ስለዚህ በአቅራቢያው ባለችው ብቸኛ ባዶ ቦታ ላይ ተከሉት።

ማዕዘኔ ላይ።

ስልሳ ሰው ጥቁር ለብሶ ይጠብቀኛል። አንድም ሰው ማን እንደሞተ አያውቅም። መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል። ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው ግን ደምሴ ነበር። ከኩታበር ሰርዶውን ይዞ ሲመጣ ድንኳን አየ። “ማን ነው?” ሲል “ከኮምቦልቻ እየመጣ ነው” አሉት። ኮምቦልቻ ማን አለው? የሚስቱ እናት።

እናቴ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከኋላዬ አምስተኛው ሚኒባስ ውስጥ ነበረች! ሰው ኮምቦልቻ ላይ “ልጅሽን አስከሬን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየናት” ብሏት፣ ሟቹ ደምሴ ነው ብላ ጫማዋን ሳታስር ነው የተሳፈረችው። ይኼን ሁሉ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፒካፗ ድንኳኑ ፊት ደርሳ አንዴ ተንቀጥቅጣ መጥፋቷን፣ እግሬ ደንዝዞ ከላይ መንሸራተቴን፣ “ወደቀች! ወደቀች!” ብሎ ሰው መቀበሉን ነው። ቀና ስል እናቴ ከሚኒባሱ ወርዳ፣ ነጠላዋን መሬት እየጎተተች፣

“ደምሴ! ልጄ ደምሴ! ጨው በዝቶ ነበር! እውነትህን ነበር ልጄ፣ በዝቶ ነበር!” እያለች ትመጣለች።

ደምሴ ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ሰምቶ፣ ዓይኑ በእንባ ታውሮ ወጣ።

“እናቴ! እናቴ! ጨው አልበዛም! እኔ ነኝ ምላሰ ቢስ! ምንም አልበዛም ነበር!”

መንገድ መሃል ተገናኙ። ተቃቀፉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደፍቶ አንዱ ሌላውን ያለቅሰው ጀመር። ሰዉም አብሮ አለቀሰ። ብዙ ተለቀሰ። ከዚያ ቀስ ብለው ተለያዩና ተያዩ።

“እርስዎ... አልሞቱም?”

“አንተስ?”

“እኔ ኩታበር ነበርኩ።”

የስልሳ ለቀስተኛና የዚያ ሁሉ አጀብ ዓይን ወደ አንሶላው ዞረ። አባ ይማም በዘንጋቸው ጫፍ ጋቢውን አነሱ፣ ገመዱን ፈቱ፣ አንሶላውን ገለጥ አደረጉ። እንፋሎቱ ጢማቸውን አለፈ። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ይኼ ማነው?” አሉ።

“ፍግ ነው አባ ይማም” አልኩ። “ከታች ጀምሮ ስናገር ነበር። ሰሚ አጣሁ።”

እናንተ ሰዉ ሳቀ ትሉ ይሆናል። አልሳቀም። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ፋጤ ናቸው፣ እዚያው ፍጉ ላይ እንደተቀመጡ፤ ጭናቸውን እየመቱ፣ ሊወድቁ እስኪደርሱ። ከዚያ ሚኒባሶቹ ጡሩምባ ነፉ። ገሚሱ እየሳቀ፣ ገሚሱ እየረገመኝ፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሁለቱንም እያደረገ ሄደ። ባለ ጋቢው ጋቢውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰደ። ሰይድ መሪውን እንደያዘ “አይመቱኝም?” ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ግን የማየው ሰዓቴን ነው። ዘጠኝ ሊሞላ ሩብ ጉዳይ። ፍጉ መኪና ላይ፣ ድንኳኑ ማዕዘኗ ላይ። የስምንት ዓመት ልፋቴ ሊያመልጠኝ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቀረው። “አባ ይማም፣ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ ይመጣል። ካልሞላሁ ቦታው ሄደ” አልኳቸው።

አባ ይማም ወደ ቅሬው ቀባሪዎች ዞሩ። ዐሥራ ሁለት ሰው መቃብር ሊቆፍር አካፋና ዶማውን ይዞ ቆሟል።

“በእኔ ዘመን” አሉ፣ “የዚህ ቅሬ አካፋ ወጥቶ አፈር ሳይነካ የተመለሰበት ቀን የለም። ዛሬ አይጀመርም። ድንኳኑን አንሱ።”

እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የቅሬ ቀባሪ አካፋ ሲይዝ በፀጥታና በፍጥነት ነው፤ ልምዱ ነው። ፍጉ ከመኪናው ወደ ድንጋዩ ወረደ፣ ተደላደለ። ደምሴና እናቴ ሰርዶውን እየተነጋገሩ ይደረድራሉ፤ ከወዲሁ “በዚህ በኩል”፣ “በዚያ በኩል” ይባባላሉ። እኔ ተንበርክኬ እተክላለሁ። ቀና ስል ከአካፋዎቹ አንዱን የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጀማል። የዚህ ወር የቀባሪነት ተራ የእሱ ነው። እስከ ጉልበቱ ፍግ ሆኖ፣ የሚወስድበትን ቦታ በገዛ እጁ እየሞላልኝ ነው። ዓይኔን ሲያይ “አብሽሪ፣ ይደርሳል” አለኝ። ጎንበስ ብዬ ተከልኩ።

ዘጠኝ ሲሆን ሰማያዊው ፋይል መጣ። ሰብሳቢዋ ከሩቅ ቆመች። ጥቁር የለበሰ ሕዝብ፣ አዲስ የተከመረ ጥቁር አፈር፣ አናቱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን አካፋ የተደገፉ ሰዎች። ቀስ ብላ ቀረበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

“እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን በከተማ መሃል መቅበር አይፈቀድም” አለች።

“ቀብር አይደለም፣ ፍግ ነው” አሏት አባ ይማም። “እኛም እንዳንቺ መስሎን ነበር።”

በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወጋ አድርጋ አሸተተችና አመነች። ዙሪያውን ዞረች። ጻፈች። ከዚያ ጥጉ ላይ ቆመች። እውነት ነው፤ ፍጉ እዚያ አልደረሰም፣ ባዶ ድንጋይ ነው፣ ሁለት ክንድ ያህል።

“ይኼ አልተሸፈነም” አለች። “ሙሉ በሙሉ ነበር የተባለው። ሁለተኛው አመልካች ተቃውሞ ካለው አሁኑኑ ይመዘገባል፤ ከሌለው ይጸድቅላታል። ጀማል የሚባል አለ?”

ስልሳ ሰው ወደ ጀማል ዞረ።

ጀማል ያቺን ባዶ ጥግ አያት። የውሃ በርሜሉ እዚያ ቆሞ፣ ማንም “ተነሳ” ሳይለው፣ መኪናዎች ተሰልፈው ሲጠብቁት ያየ መሰለኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው፤ ያም ቃል መብቱ ነው።

“ተቃውሞ አለህ?”

“ለቅሶ ላይ ነኝ” አለ ጀማል።

“የማን ለቅሶ?”

ጀማል ፍጉን አየ። ደምሴን አየ። እናቴን አየ። ሁሉም ደህና ናቸው።

“እኔ እንጃ፣ እህቴ። ግን ለቅሶ ላይ የመሬት ነገር አይነሳም።”

“ልክ ነው” አሉ አባ ይማም።

ሰብሳቢዋ ትንሽ አሰበች፤ የሚጻፍበት ቦታ ፈለገች፤ በመጨረሻ “ተቃውሞ የለም” ብላ ፈረመችና ፋይሏን አቅፋ ሄደች።

ጀማል አካፋውን አስረከበ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ እኔ መጣና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው በሁለት እጁ እጄን ያዘ። ፈገግ እንኳ አላለም።

“አላህ ሶብሩን ይስጥሽ” አለኝ።

“አሜን” አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። በቃ፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እማማ ፋጤ ለሰዉ “አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና ወጣላት” አሉ።

ጀማል ባልዲውን አንስቶ ዳገቱን ጀምሯል። ተነስቼ ጮህኩ፤

“ጀማል! ያቺ ጥግ በርሜል ትይዛለች! ላንተ ትሁን! ውሃውም ወደ አበባው ይፈሳል!”

ዞር ብሎ በቁጣ አየኝ።

“ለቅሶ ላይ ነን አልኩሽ እኮ! ሰልስቱ እንኳ ሳይወጣ?”

ሰኞ በጠዋት በርሜሉን እያንከባለለ መጣ።